የሙክታር ሳንቲሞች

እንድርያስ አሜሪካ፣ ታከር በምትባል ከተማ ውስጥ ጥንታዊ ሳንቲም በሚሸጥ አንድ ትንሽ ሱቅ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ሱቁ በጎማ ቤትና በጥፍር ሳሎን መሀል የተጨመቀ ነው፤ ባለቤቱ ጄሪ የሚባል ሰባዎቹን ያለፈ አሜሪካዊ ነው። የእንድርያስ ሥራ ሳንቲሞቹን ፎቶ ማንሳትና ከፎቶው ሥር ምን እንደሚታይባቸው መጻፍ ነው። ሆሳዕና ከተማ ሳለ የሥዕል አስተማሪ ስለነበር ዓይኑ ጥሩ ነው። ሌላው ሰው ዝገት ብቻ በሚያይበት ነሐስ ላይ እሱ መብራቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ የሴት ትከሻ፣ የእባብ ጭራ፣ የቤተ ጣዖት አምድ ያወጣል።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ከብዶት ነበር። እሑድ ከመዘምራን ጋር ቆሞ እየዘመረ ሰኞ ደግሞ የኤፌሶኗን አርጤምስ፣ ያቺን ጳውሎስ የተሟገተባትን፣ በሁለት አጋዘን መሀል ቆማ ፎቶ ማንሳት ልክ አልመስል አለው። ፓስተሩን አማከረ።

«ትሰግድላታለህ?» አሉት ፓስተሩ።

«ኧረ በጭራሽ።»

«እንግዲያው ሥራህን ሥራ።»

ሥራውን ሠራ። ቀስ በቀስም ከሁሉ አብልጦ በሮም ግዛት ሥር የነበሩ ከተሞች ያሳተሟቸውን ሳንቲሞች ወደደ። በፊት ለፊታቸው ሁሌም የንጉሡ ራስ አለ፤ እሱን መቀየር አይቻልም። ጀርባቸው ግን የከተማው ነው። አንዱ ከተማ አምላኩን ያስቀርጻል፣ ሌላው ወንዙን፣ ሌላው ተራራውን። የቂሣርያ ሰዎች ተራራቸውን መሠዊያ ላይ አስቀምጠው ቀርጸውታል። እንድርያስ ይህን ባየ ጊዜ ሰው የሚወደውን ነገር ሁሉ ለመያዝ እንዲህ ጠባብ ቦታ እንደሚበቃው ገረመው።

ሙክታር ወደ ሱቁ የገባው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ በሸሚዙ ኪስ ሁልጊዜ እስክሪብቶ የሚሰካ የታክሲ ሾፌር ነበር። አንድ ተሳፋሪ ጎማ ቤቱ ጋ አውርዶ በመስኮቱ በኩል ሲያይ ዓይኑ እንድርያስ ላይ አረፈ።

«ሐበሻ ነህ?»

«ነኝ።»

«እዚህ ምን ትሠራለህ ወንድሜ?»

እንድርያስ ስቆ እጁ ላይ የነበረውን ሳንቲም አሳየው። ሙክታር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ አለ።

«ይቺ ሴትዮ ራሷ ላይ የደፋችው ምንድነው?»

«ግንብ ነው። የከተማዋ ግንብ። ቲኬ ይሏታል፤ የከተማ ዕድል ጠባቂ ናት ብለው ያምኑ ነበር። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ነበረችው።»

«ከእግሯ ሥር ያለውስ ሰውዬ? እየሰጠመ ነው?»

«እየዋኘ ነው። ወንዙ ነው እሱ። ይሄ የአንጾኪያ ነው።»

ሙክታር ሳንቲሙን ወደ መብራቱ አስጠጋው። ከዚያ፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ ከተማ ለከተማ ስዞር እውላለሁ፤ እንዲህ ያለች ሴት ግን አይቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። ደህናው ሳንቲም ተወዶበት ሊገዛው አልቻለም። ፊቷ ያለቀውን፣ ማንም የማይፈልገውን ገዝቶ ሄደ።

ከሦስት ወር በኋላ ተመለሰ። በዚያን ቀን ነው ስለ ቤቱ ያወራው። ባለቤቱ ጣዖት ቤቴ አይገባም ብላ ሳንቲሙን መኪናው ውስጥ ለማስቀመጥ እንደተገደደ ነገረው። «አልሰግድላትም፣ አያታለሁ እንጂ ብላት አልሰማ አለችኝ። ኮምቦልቻ ያሳደገቻት ሴት ናት፤ ፈትያ ትባላለች። ድሮ ዳውንታውን ሆቴል ላውንድሪ ትሠራ ነበር።»

እንድርያስ የካሜራውን መስታወት የሚጠርግበትን ጨርቅ አነሳና ንጹሑን መስታወት መጥረግ ጀመረ።

የዚያ ሆቴል ላውንድሪ እሱም የሠራበት ነው። አሜሪካ በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ በዲቪ መጥቶ እንግሊዝኛው ገና ሲኮላተፍ፣ ከፈትያ ጋር አንድ ሺፍት ነበሩ። ትልልቁ አንሶላ ለሁለት ነው የሚታጠፈው። ጫፍና ጫፉን ይዘው ይራራቃሉ፣ ያጥፉታል፣ ከዚያ ጫፉን ለማገናኘት አንዳቸው ወደ ሌላቸው ይራመዳሉ። በቀን መቶ ጊዜ እየተራመዱ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ ቀን ጫፉን ሲያቀብላት አልለቀቀውም። እሷም አልጎተተችም።

«ትለውጣለህ?» አለችው። ሃይማኖቱን ማለቷ ነው።

«አንቺስ?»

ሁለቱም መልሱን ያውቁት ነበር። እሷ ሶላቷን ሳትሰግድ የዋለችበት ቀን የለም፤ እሱም ጌታን ባገኘበት ጉባኤ ያለቀሰውን ልቅሶ መካድ አልቻለም። ሳይጣሉ ተለያዩ። እሷ ሥራ ቀየረች። እሱም ዘግይቶ አገባ፤ ሚስቱ በአራተኛው ዓመት ዳላስ ያሉ እህቶቿ ጋ ሄዳ ቀረች። ልጅ አልወለዱም። ለሚስቱ ስለ ፈትያ አንድም ቀን አንስቶላት አያውቅም፤ እሷ ግን «አንተ እኮ ሁሌ ሌላ ክፍል ውስጥ ነህ» ትለው ነበር።

አሁን የፈትያ ባል ፊት ለፊቱ ቆሞ የተራራውን ሳንቲም እያገላበጠ ነው። እንድርያስ አውቃታለሁ አላለም። ቢል ድምፁ የሚያሳብቅበት መሰለው።

ሙክታር በቀጣዩ ሲመጣ ገና ከበሩ ሳይርቅ፣ «ፈትያ ሰላም ብላሃለች» አለው።

እንድርያስ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የሳንቲሞቹን መሳቢያ ሳበ።

ከዚያ በኋላ በዓመት አራትም አምስትም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ሙክታር ይመጣል፣ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ይገባል፣ ፈትያ ሰላም ብላሃለች ይላል፣ አንድ ሳንቲም ይመርጣል። እግረ መንገዱን ወሬ ያንጠባጥባል። ሴት ልጃቸው ሶፍያ ነርሲንግ ገባች። ፓይን ሌክ የሚባል ሐይቅ ዳር ትንሽ ቤት ገዙ። ፈትያ ጉልበቷን ታመመች፤ ተሻላት። ሶፍያ አግብታ ናሽቪል ሄደች፤ ወለደች። እንድርያስ ስለ ፈትያ ጠይቆ አያውቅም፤ ስለ ሳንቲም እያወራ ይጠብቃል። የሰማትን ይዞ ቤቱ ይገባል። ጉልበቷን ታመመች በተባለበት ሰሞን ደረጃ በወጣ ቁጥር ያስባት ነበር።

ሰላምታ ግን አልመለሰም። ስንት ጊዜ «ሰላም በልልኝ» ለማለት አፉን ከፍቶ ዋጋ ተናግሮ ዘግቶታል።

ከሙክታር ጋርም ተዋደዱ። ይህ እንድርያስ ያልጠበቀው ነገር ነው። ሙክታር ጠያቂ ሰው ነበር። አንድ ቀን ጄሪ በመጽሐፍ ላይ ኖኅን ከነሚስቱ የሚያሳይ የአንዲት የትንሿ እስያ ከተማ ሳንቲም አሳያቸው። ባልና ሚስት ክዳኑ በተከፈተ ሣጥን ውስጥ ቆመዋል፤ ከጎኑ ደግሞ እነዚያው ሁለቱ ወጥተው እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተዋል። በላያቸው ወፍ አለች።

«ኑሕ እኮ የእኛም የእናንተም ነው» አለ ሙክታር። «ግን ሚስቱን አብሮ የቀረጸ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጎበዝ ሰው ነው።» ያ ሳንቲም ሱቃቸው መጥቶ አያውቅም። ፎቶውን ብቻ በስልኩ አንስቶ ሄደ።

ሌላ ቀን ደግሞ ከአንድ ስብስብ መሀል ሁለት አማልክት እጅ ለእጅ የተያያዙበት ነሐስ ወጣ። እንድርያስ በጽሑፉ ላይ ያለውን የግሪክ ቃል ተረጎመለት፤ ስምምነት ማለት ነው። ሁለት ከተሞች ወዳጅነታቸውን ለማሳወቅ ሲፈልጉ የየራሳቸውን አምላክ ጎን ለጎን ያስቀርጹ ነበር።

«አንዱ ወደ ሌላው አምልኮ ዞሮ ነው?»

«አይ፣ ሁሉም በራሱ እንደጸና ነው።»

ሙክታር ሳንቲሙን ሳይሆን እንድርያስን አየው። እይታው ረዘም ያለ ነበር፤ ክፋት ግን አልነበረበትም። ከዚያ፣ «ይሄን ጠቅልልልኝ» አለ።

ባለፈው ዓመት ከመስከረም በኋላ ሙክታር አልመጣም። እንድርያስ መጀመሪያ አገር ቤት ሄዶ ይሆናል አለ። ታኅሣሥ ላይ ስልኩ ላይ ደወለ፤ ቁጥሩ አይሠራም። የሚጠይቀው የጋራ ሰው አልነበራቸውም፤ አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ቸርች ነው የሚውሉት።

መጋቢት ውስጥ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ጥቁር ሻርፕ ያደረገች፣ መነጽር ያጠለቀች ሴት የቴምር ቆርቆሮ በሁለት እጇ ይዛ ገባች።

«እንደምን አደርክ እንድርያስ» አለች።

ከወንበሩ ተነሳ። ወደ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም ያወቃት በድምፅዋ ብቻ አልነበረም፤ አገጯን ትንሽ ቀና አድርጋ የምትቆመው አቋቋም ራሱ ነው።

«ፈትያ።»

«ሙክታር አረፈ» አለችው ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «ጥቅምት ላይ። ልቡ ነው። ኤርፖርት ሰው አድርሶ መኪናውን አጥፍቶ፣ መሪውን እንደያዘ ነው ያገኙት።»

«አላህ ይርሐመው» አለ እንድርያስ። ወንበር አቀረበላትና ተቀመጠ። እሷም ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

የሐዘን ጊዜዋን ጨርሳ፣ ቤቱን ሸጣ ናሽቪል ሶፍያ ጋ ልትሄድ እየተዘጋጀች ነበር። ሳንቲሞቹን ከመኪናው ውስጥ አገኘቻቸው። ምን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚደረጉ አታውቅም። «ልሸጣቸው ነው የመጣሁት» አለች። «ግን ከመሸጤ በፊት ምን ያይባቸው እንደነበረ ንገረኝ።»

ቆርቆሮው ውስጥ አርባ ሰባት ሳንቲም ነበር። በየትንሿ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ሙክታር በእስክሪብቶ የጻፈው ቁራጭ ወረቀት አለ። «አንጾኪያ። ዝናብ ነበር። ሶፍያ ፈተና አለፈች።» «ቂሣርያ። ይሄ ተራራ የእኛን አገር ይመስላል።» «ኤፌሶን። ፈትያ ብታያት ትቆጣለች።» የመጨረሻውን ስታነብ ፈትያ ሳትፈልግ ሳቀች።

በአንድ ቀን የሚያልቅ አልሆነም። ሦስት ማክሰኞ መጣች። ጄሪ ነገሩ ገብቶት ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ጓሮ ይገባላቸዋል። እንድርያስ ሳንቲሙን ከመብራቱ ሥር አድርጎ ያሳያታል። ይሄ አባይ ነው፤ ግብፆች እንደ ሽማግሌ ጋደም ብሎ፣ አዞ ከጎኑ ሆኖ ነው የሚስሉት። ይሄ ሰው አይደለም፣ ድንጋይ ነው፤ የኤሜሳ ሰዎች ከሰማይ ወረደ ይሉት ነበር፤ ንስር አቅፎታል። ይቺ ሴት በሁለት እጇ ችቦ ይዛ የጠፋችባትን ልጇን እየፈለገች ነው። ፈትያ ትጠይቃለች፤ እንደ ሙክታር ጠያቂ ነች። አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ሳንቲም ላይ ሲያጎነብሱ የሻርፗ ጫፍ እጁን ይነካዋል። እቤቱ ሲገባ የሚነግራትን ያዘጋጃል፤ መኝታ ቤት ልብስ እየቀየረ ጮክ ብሎ ይለማመደዋል። አትሂጂ ማለት ነው የሚፈልገው። ምን ብሎ አትሂጂ እንደሚላት ግን አያውቅም።

በሦስተኛው ማክሰኞ እሷ ቀደመችው።

«ሰላምታህ ሁልጊዜ ይደርሰኝ ነበር» አለች ዓይኗን ከሳንቲሙ ሳታነሳ። «መልስ አለመላኬን እንደ ንቀት እንዳታየው።»

«የቱ ሰላምታ?»

«በሙክታር የምትልከው ነዋ። ከዚህ በተመለሰ ቁጥር ገና ጫማውን ሳያወልቅ ‹እንድርያስ ሰላም ብሎሻል› ይለኛል። እኔ ደግሞ በባሌ ፊት ምን ብዬ ልመልስ? ተነስቼ ሰሃን አጥባለሁ። ንጹሕ ሰሃን ሁሉ አጥቤያለሁ።»

እንድርያስ እጁ ላይ የነበረውን ሳንቲም ጨርቁ ላይ አስቀመጠው።

«ፈትያ፣ እኔ አንድም ቀን ሰላምታ ልኬ አላውቅም። የምትልኪው አንቺ አልነበርሽም?»

«እኔ?»

«‹ፈትያ ሰላም ብላሃለች› ይለኝ ነበር። ሁልጊዜ። አሥር ዓመት ሙሉ።»

«ወላሂ አንድ ቀን አልላክሁም።»

ከግድግዳው ወዲያ ከጥፍር ሳሎኑ የሬዲዮ ዘፈን ይሰማል። ፈትያ ጨርቁ ላይ ያለውን ሳንቲም በጣቷ ገለበጠችው።

«ያውቅ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ከመጋባታችን በፊት ነግሬዋለሁ። አንድ ክርስቲያን ነበር፣ አብረን አንሶላ እናጥፍ ነበር ብዬ። ስምህን ሳይቀር ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ ቀን አንተን አይቶ ሲመጣ ገብቶታል ማለት ነው።»

«እና ለምን?»

«ለምን እንደሆነ አሁን ልጠይቀው አልችልም።» መነጽሯን አወለቀች። መጀመሪያ የሳቀች መሰለው። «ይሄ ሰውዬ» አለች፣ «ይሄ ሰውዬ! ሌላ ሰው ቢሆን ሱቅ ይቀይራል።» ከዚያ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ። «ሙክታርዬ» ትላለች በየመሀሉ። «ሙክታርዬ።»

እንድርያስ ውሃ አመጣላት። ያዘጋጀውን ቃል ተወው። ያለቀሰችው ለእሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ቀናም፤ መቅናቱም አሳፈረው። ግን እሱም ራሱ በዚያች ሰዓት የናፈቀው ሙክታርን ነበር። በሩን ገፋ አድርጎ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ተነስተው ያቅፉት ነበር።

ፈትያ ስትረጋጋ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው መለሰች።

«አልሸጣቸውም» አለች። «ቤቴም ይገባሉ። አንተ ግን የነገርከኝን ጻፍልኝ፤ እኔ እረሳለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ ጻፈ። ለእያንዳንዱ ሳንቲም አንድ ካርድ፣ በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል። የሚወስድላት ቀን ፓይን ሌክ ሲደርስ ዕቃው በትራክ ተጭኖ አልቋል፤ የሶፍያ ባል ገመድ እያጠበቀ ነው። ፈትያ ካርዶቹን ተቀብላ፣ «ና፣ ሐይቁን ዞር ብለን እንምጣ» አለችው።

ሐይቁ ትንሽ ነው፤ በሃያ ደቂቃ ይዞራል። ለጉልበቷ ሲል ቀስ ብሎ ተራመደ። ግማሹን እንደሄዱ፣

«ሰላምታ ያልላክሁት ስላልፈለግሁ አይደለም» አላት። «ስምሽን ስጠራ እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አሁንስ ብጠይቅሽ?»

ቆመች። «አሁን አትጠይቀኝ እንድርያስ። እኔ እስካሁን ባገባሁት ሰው እየተገረምኩ ነው። እስከዛሬ ያላለቀስኩለትን እያለቀስኩለት ነው። የድሮውም ነገር እንዳለ ነው፤ እኔ እዚያው ነኝ፣ አንተም እዚያው ነህ።»

«እሺ» አለ።

የቀረውን መንገድ ስለ ሶፍያ ልጅ እያወሩ ጨረሱት። ትራኩ ሲንቀሳቀስ ፈትያ ከፊት ወንበር ሆና ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ ይዛው ነበር። እንድርያስ ትራኩ ከታጠፈ በኋላም ባዶው ቤት በር ላይ ቆመ፤ ጎረቤት የሆነች ሴት ቤቱን የገዛው እሱ መስሏት እንኳን ደህና መጣህ አለችው።

የአሜሪካው ክረምት ሞቃት ነበር። ነሐሴ ላይ ጄሪ የአንድ ሟች ስብስብ አይቶ እንዲመጣ ኬኔሶ ወደምትባል ከተማ ላከው። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይጠብቁታል፤ ሊደርስ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከቤቱ ፊት መኪናውን አቆመ። ስልኩ ጮኸ። የናሽቪል ቁጥር ነው።

«የሶፍያ ልጅ አላስቀምጥ አለችኝ» አለች ፈትያ። «ያቺ ግንብ የደፋችው ሴት ስሟ ማን ነበር?»

ስሟን በካርዱ አናት ላይ በትልቁ ጽፎላታል። አላነሳባትም።

«ቲኬ» አላት።

«ቲኬ» ብላ ለልጅቷ ጮክ ብላ ነገረቻት። ልጅቷ ደግማ ስትጠራው ከሩቅ ተሰማው። ስልኩ ይዘጋል ብሎ ጠበቀ። አልተዘጋም። ፈትያ ስለ ጉልበቷ አወራች፤ ስለ መስጊዱ ሴቶች፤ ሙክታር በሕልሟ መጥቶ መንገድ ጠፋኝ እንዳላት። እሱም ስለ ጄሪ ዓይን መድከም፣ ስለ መዘምራኑ አዲስ ዩኒፎርም አወራ። ወዲያው ልዝጋ አላላትም፤ እሷም አላለችም። የመኪናው ውስጥ እንደ ምድጃ ሆኖበት ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ።

«መዝነብ ጀመረ» አለች መጨረሻ ላይ። «ልብስ አስጥቻለሁ። ላስገባ።»

«አስገቢ።»

ሲዘጋ ሰዓቱን አየ፤ አንድ ሰዓት ያህል አውርተዋል። የቤቱ ባለቤት፣ ባሏን የቀበረች ነጭ አሮጊት፣ በረንዳ ላይ ወጥታ ታየዋለች። ከመኪናው ወርዶ እየሮጠ ሄደና ስልክ ይዞት እንደቆየ ነግሯት ይቅርታ ጠየቃት።

«ጥሩ ዜና ነው?» አለችው ፊቱን እያየች።

ከጀርባው የተጣበቀውን ሸሚዝ አላቀቀ።

«ናሽቪል እየዘነበ ነው» አላት።

አሮጊቷ በሩን ያዘችለት። ሳንቲሞቹ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በነጭ ጨርቅ ተዘርግተው ነበር፤ እንድርያስ መነጽሩን አድርጎ ተቀመጠ።